ጀርባቸውን ያላዞሩት

የሐምራዊዎቹ ደጋፊዎች ከሌላው ደጋፊ ሁሉ የሚለዩበት አንድ ልማድ ነበራቸው። ተጋጣሚ ቡድን ፍፁም ቅጣት ምት ባገኘ ቁጥር ከግቡ ኋላ የተቀመጠው ሕዝብ በሙሉ ብድግ ይልና ለሜዳው ጀርባውን ያዞራል። ከበሮው ይቆማል፣ ጡሩምባው ይቆማል፣ ወሬውም ይቆማል። በእኛ ላይ ሲገባ ዓይናችን አያይም ነው ነገሩ። ኳሷ መረብ መንካቷን የሚያውቁት ከማዶ በሚመጣው ጩኸት ነው። ልማዱን ማን እንደጀመረው የሚያስታውስ አልነበረም፤ የማይዞር ሰው ምን እንደሚገጥመው ግን ሁሉም ያውቅ ነበር።

ከዚህ ሕግ ነፃ የነበረችው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ሬዲዮ ይሏታል።

አባቷ የደጋፊው አስጨፋሪ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው የዓይን ግፊት ብርሃናቸውን ቀስ በቀስ ወሰደባቸው፤ ድምፃቸውን ግን አልነካውም። አሁንም ከታችኛው ረድፍ ላይ የአጥሩን ብረት ይዘው አንድ ዜማ ሲያነሱ ሕዝቡ ይቀበላቸዋል። ልጃቸው ከጎናቸው ቆማ ሜዳ ላይ የሚሆነውን በጆሯቸው ትነግራቸዋለች። «ኳስ በቀኝ መስመር ነው፣ ተከላካያችን ወጣ፣ አሻገሩት፣ በረኛው ያዘ።» እሳቸው የሰሙትን ወደ ዜማ ይለውጡታል። እሷ በሹክሹክታ ያለችው ነገር ወዲያው በሺህ ሰው ድምፅ ሆኖ ይመለሳል። ይህ ቀላል ሥልጣን አይደለም፤ እሷ ግን እንዲህ አድርጋ አስባው አታውቅም።

ደግሞም ትዋሻለች።

ውጤቱን አይደለም፤ ውጤቱ በድምፅ ማጉያ ይነገራል። የምትዋሸው ውጤቱ እንዴት እንደመጣ ነው። አባቷ ማየት ባቆሙበት ሰሞን ቡድኑ ክፉኛ ሲሸነፍ ያየችውን ሁሉ ሳትደብቅ ነግራቸው ነበር፤ ተከላካዮቻችን ተገትረው ሲታለፉ፣ በረኛችን በእግሮቹ መሀል ሲገባበት። እሳቸው ቤት ገብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ቀናት አለፉ፤ ምግብ በግድ፣ ወሬ ጭራሽ። ከዚያ ወዲህ ቡድኑ አንድም ቀን ተበልጦ አልተሸነፈም። ወይ ዳኛው ሰርቆታል፣ ወይ አጥቂው ከጨዋታ ውጪ ነበር፣ ወይ ደግሞ ኳሷ በእጅ ተነክታለች።

አንድ እሑድ የተጋጣሚው አጥቂ ሁለት ሰው አልፎ፣ ሦስተኛው ሳይደርስበት ኳሷን በረኛውና ቋሚው መሀል በነበረች ጠባብ ክፍተት አሾልኮ አገባት። የሚያምር ጎል ነበር። ሬዲዮ ራሷ ለአፍታ ትንፋሿን ያዘች። ከዚያ እንደ ልማዷ ወደ አባቷ ጆሮ ጠጋ አለች።

«በእጁ ነክቷታል አባዬ። የመስመር ዳኛው አጠገቡ ቆሞ እያየ ዝም አለ።»

አስጨፋሪው ብረቱን ጨበጡና «ሌባ» የሚለውን ዜማ አነሱ። ጡሩምባ የሚሉት ግዙፍ ሰውዬ፣ የአስጨፋሪው ቀኝ እጅ፣ አጥሩ ላይ ወጥቶ ሕዝቡን ያስጮኸው ጀመር። የውኃ ጠርሙስ ወደ ሜዳው መወርወር ጀመረ።

በዚህ ሁሉ መሀል በጠባቡ መተላለፊያ ማዶ፣ ከሬዲዮ አንድ እርምጃ ርቆ፣ አንድ ወጣት ያጨበጭብ ነበር። ለመታየት አይደለም፤ እጆቹን ደረቱ ፊት አድርጎ በእርጋታ ነው የሚያጨበጭበው። ከኋላው የነበረ ሰው ትከሻውን ሲገፋው ቆመ። ከዚያ ዞር ብሎ ሬዲዮን አያት። ለአባቷ ያለችውን እንደሰማ ገባት። ሊናገር አፉን ሲከፍት የአባቷን ዓይኖች አየና መልሶ ዘጋው።

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ያ ዝምታ እስከ መውጫው ድረስ ሲከነክናት ቆየ። መውጫው ላይ ግፊያው ጎን ለጎን አደረጋቸው፤ አባቷ በጡሩምባ ተደግፈው ቀድመዋል።

«በእጁ አልነካትም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን አገባህ? አንተ ለመሆኑ የማን ደጋፊ ነህ?»

«የማንም።»

«የማንም ያልሆነ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?»

«ኳስ ያያል» አለ። ሊያስቃት ነበር፤ ቀጥሎ የተናገረው ግን ፈገግታዋን አጠፋው። «የመስመር ዳኛው ግንባሩ ተፈንክቷል። ደግፈው ሲያስወጡት አይቻለሁ።»

ሰዉን እየገፋች ወደ አባቷ ሄደች።

ሬዲዮ የምትሠራው መጋረጃ ቤት ነው። መስፋቱ የሌሎች ነው፤ የእሷ ድርሻ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ደንበኛ ቤት እየሄደች መስኮት መለካት ነው። በዚያው ሳምንት ቀለሙ ወዳልደረቀና ሊፍቱ ወዳልተገጠመ አዲስ ሕንፃ ተላከች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ላይኛው ፎቅ ደርሳ በሩን ስትገፋ፣ ባዶው መስኮት ላይ አንድ ሰው ትልቅ መስታወት ደግፎ ቆሟል። ያ አጨብጫቢ ነው።

«ሬዲዮ» አለ ሳይንቀሳቀስ።

«ስሜን ማን ነገረህ?»

«ሰዉ ሁሉ የሚጠራሽ እንዲያ ነው። መለካት ከፈለግሽ ትንሽ ታገሺኝ፤ አሁን ብለቀው ሁለታችንም ከሥራ እንባረራለን።»

ታገሠችው። ጠርዙን በእንጨት ቁራጭ ከፍ አድርጎ ቦታው ላይ ሲያስቀምጠው፣ ዙሪያውን ማጣበቂያ እየቀባ በአውራ ጣቱ ሲያስተካክለው ቆማ አየች። የማይቸኩል እጅ ነበረው። ሲጨርስ ጓንቱን አውልቆ ገለል አለላት።

«ይኸው። እኔ ብርሃን ላስገባ ስለፋ አንቺ ልትሸፍኚው መጣሽ።»

«ሰው ሁልጊዜ ብርሃን አይፈልግም» አለችው ሜትሯን እየዘረጋች። «አንዳንዴ ዓይን ያማል።»

ስለ መስኮት ብቻ እንዳልተናገረች ገብቶት ዝም አለ። ዝም ማለቱ ደስ አላት፤ ደስ ማለቷ ደግሞ አናደዳት።

የሕንፃው መስኮት ብዙ ነበር። ባለመስታወቱ አንዱን ክፍል ሲጨርስ እሷ ትለካለች፤ እሷ ስትለካ እሱ ሌላ ሥራ የሌለው ይመስል የሜትሩን ጫፍ ይይዝላታል። ያደገው የራሱ ቡድን በሌለው ቦታ እንደሆነ ነገራት። ሰፈራቸው አጠገብ የፋብሪካ ሜዳ ነበር፤ አላፊ አግዳሚ ቡድን ሁሉ እዚያ ይጫወታል፤ እሱ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያያል።

«ማን ከየት እንደመጣ እንኳ አላውቅም ነበር» አለ። «የማውቀው ማን እንደሚያምር ብቻ ነው።»

«እኔ ደግሞ ማን የእኛ እንደሆነ ብቻ ነው የማውቀው።»

«አይደለም። አንቺ ታያለሽ። የዚያን እሑድ ጎል ንገሪኝ።»

«አብረን አይተነው የለም እንዴ?»

«ለአባትሽ ያላልሽውን ነው የምልሽ።»

ሳቀችና ጀመረች። ስትጀምር ለማሾፍ ነበር። ከዚያ ሰውዬው ኳሷን በእግሩ ውጪ ጎን እንዴት እንዳቆማት፣ ተከላካያችን በየት በኩል እንደተታለለ፣ በረኛው ክብደቱን ወደ ቀኝ እንደጣለ አጥቂው ያየበትን ቅጽበት ስትናገር ድምጿ ተለወጠ። ሜትሯ ከእጇ ወድቋል፤ አላወቀችም። ስትጨርስ ባለመስታወቱ እያያት ነበር። እሷም አየችው። የተቃራኒ ቡድን ጎል ጮክ ብላ ስታወራ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው። ያን ያህል ደስታ ስንት ዓመት አፍና እንደኖረች አሰበችና ልቧ ተሸበረ።

ፍቅሩ በዚያ ክፍል ጀመረ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሰላሙ ግን ብዙ አልቆየም።

«አባትሽን ሲወጡ አያቸዋለሁ» አላት አንድ ቀን። «የተሸነፈ ሰው ነገ ይረሳል። እሳቸው ግን በየሳምንቱ እንደተዘረፈ ሰው ነው ቤታቸው የሚገቡት።»

ተቆጥታ ጥላው ሄደች። ማታ ራት ላይ ግን አባቷን ልብ ብላ አየቻቸው። ጉርሻው በእጃቸው እንዳለ ስለዚያ የመስመር ዳኛ ያወራሉ። ስለዚያኛውም፣ ካቻምና በዝናቡ ቀን ስለሰረቃቸው ዳኛም ያወራሉ። ድሮ ከሥራ ሲመለሱ እየዘፈኑ ደረጃ የሚወጡ ሰው ነበሩ። ከሐዘን ያዳነቻቸው መስሏት ለቂም አሳልፋ እንደሰጠቻቸው ገባት። ገባት፤ ግን ከየት ጀምራ እንደምትፈታው አላወቀችም።

ባለመስታወቱ ወደ ቤታቸው የመጣው የኩሽናው መስኮት ተሰንጥቆ ነው። ሰበብ ነበር፤ ሁሉም ያውቃል። አስጨፋሪው ወንበራቸው ላይ ሆነው የመስታወት መቁረጫውን ድምፅ ሲያዳምጡ ቆዩ።

«እጅህ አይቸኩልም» አሉት።

«አመሰግናለሁ ጋሼ።»

«ጡሩምባ ሰሞኑን አንድ ነገር ሲነግረኝ ነበር። እኛ መሀል ቆሞ ለተጋጣሚ የሚያጨበጭብ፣ በሁለት ቢላ የሚበላ ሰው አለ አለኝ። መስታወት ሠራተኛ ነው አለኝ። አንተ ነህ?»

የመቁረጫው ድምፅ ቆመ። ሬዲዮ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። እናቷ የያዙትን ሰሃን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ኧረ ሰውዬ፣ ልጁ መስኮት ሊሠራልን ነው የመጣው» አሉ እናቷ።

«ይሥራ። እኔም ሥራዬን ልሥራ።» አስጨፋሪው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። «ልጄን እንደምትወዳት ከድምፅህ አውቄያለሁ። እሷም ሰሞኑን ደረጃ ስትወርድ እየሮጠች ነው። ጆሮዬ ደህና ነው። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዛሬ አጠገባችን ቆሞ ለሌላ ያጨበጨበ እጅ፣ ነገ ከልጄ የበለጠች ቆንጆ ሲያይ አያጨበጭብም?»

ሬዲዮ መሬት መሬቱን አየች። ጥያቄው የአባቷ ብቻ አልነበረም። ከሕንፃው በተመለሰች ቁጥር ራሷን ስትጠይቀው የከረመችው ነው።

«የሚያምር ነገር ማየትና ትዳር መመሥረት ለየቅል ነው ጋሼ» አለ ባለመስታወቱ። «የማየው ጨዋታ ብዙ ነው። እንዲህ ፈርቼ የመጣሁት ግን አንድ ሰው ደጅ ብቻ ነው።»

«አፍህስ ጥሩ ነው» አሉ። «የወቅቱ የመጨረሻ ጨዋታ ላይ ና። ከተሸነፍን ወደ ታችኛው ሊግ እንወርዳለን። አጠገቤ ቁም። ፔናሊቲ ሲሰጥብን ከእኛ ጋር ዙር። አንዴ ብቻ። ከዞርክ ይህ ቤት ቤትህ ነው። ካልዞርክ ልጄን እርሳት።»

«ካልተሰጠስ ጋሼ?»

«ይሰጣል። ዳኛ ሁሉ እኛን አይደል የሚጠብቀው» አሉ በምሬት። ሬዲዮ ያ ምሬት ከየት እንደመጣ ታውቃለች።

ልትሸኘው ወጣች። በሩ ተዘግቶ ጥቂት ራቁ።

«ዙር» አለችው። «ለአንዲት ደቂቃ ነው። ምን ይጎድልብሃል?»

«ያላመንኩበትን ነገር አባትሽ ፊት ላድርግ?»

«ያልገባህ ነገር አለ። ለእነሱ መዞር ማለት አንድ ላይ መክሰር ነው። አባቴ አንተ ቡድኑን እንድትወድ አይደለም የሚፈልገው። ሲከፋን ጥለኸን እንደማትሄድ ሊያውቅ ነው የሚፈልገው።»

«ገብቶኛል። ስለገባኝ ነው ለማስመሰል የከበደኝ።»

«እሺ፣ አትዙር» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አባቴ አያይም። ዞሯል እለዋለሁ። በቃ፣ አለቀ።»

ቆመ። ለረጅም ጊዜ አያት።

«እኔንም እንደ ጨዋታው ልታወሪኝ ነው?»

«ለእኛ ብዬ ነው።»

«ከዚያስ? ልጅ ስንወልድ ለአባትሽ ማንን መሰለ ልትያቸው ነው?»

«አንተ አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲተኛ አይተሃል? ምግብ በእጁ ይዞ ሲያለቅስ አይተሃል? አላየህም። ስለዚህ አትፍረድብኝ።»

«አልፈረድኩም» አለ። «ግን እኔ የወደድኩት ያንን ጎል የነገረችኝን ልጅ ነው። እሷ ደግሞ እቤታችሁ የለችም።»

ይህ ቃል ወጋት። አፏ ላይ የመጣላትን መለሰች። «እንግዲያው አትምጣ።»

ከዚያ በኋላ ሕንፃው ላይ አልተገናኙም። መስኮቶቹ ሁሉ ተገጥመዋል፤ እሷም የቀረውን ለክታ ጨርሳለች። አንድ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ቆማ ወደ ታች ስታይ የሜትሩን ሌላ ጫፍ የሚይዝላት ሰው አጣችና ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ናፍቋታል። ደግሞ ፈርታዋለች፤ ውሸቷን ያወቀባት እሱ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ጨዋታ ዕለት ስታዲየሙ ከጠዋት ጀምሮ ሞላ። አቻ ለሐምራዊዎቹ ይበቃቸዋል። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ባለመስታወቱ በመተላለፊያው ወረደና አስጨፋሪው አጠገብ ቆመ።

«መጥቻለሁ ጋሼ።»

«ጥሩ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ለሬዲዮ ሰላምታ ሊሰጣት ዞረ። እሷ ሜዳውን ማየት ቀጠለች። አባቷ በመሀላቸው ናቸው፤ የሁለቱንም ትንፋሽ ይሰማሉ። ጨዋታው አስቀያሚ ነበር፤ ግፊያና ርግጫ ብቻ። ጎል ሳይቆጠር እየተጎተተ ወደ ማብቂያው ደረሰ። ሕዝቡ ሰዓቱን እያየ መተንፈስ የጀመረው ያኔ ነው።

የተጋጣሚው አጥቂ ወደ ቅጣት ምት ክልል ሲገባ ተከላካያችን ከኋላ እግሩን ሰደደ። ሰውዬው ወደቀ። ፊሽካ ተነፋ። ዳኛው ጣቱን ወደ ነጥቧ ቀሰረ።

«ምንድን ነው? ምን ሆነ?» አሉ አስጨፋሪው። «ራሱን ጣለ አይደል?»

ሬዲዮ ዙሪያዋን አየች። ጡሩምባ አጥሩ ላይ ነው፤ አንገቱን ወደ አስጨፋሪው መልሶ ዜማውን ይጠብቃል። ከኋላው ያለው ሰው ሁሉ ይጠብቃል፤ ጠርሙስ የያዘ እጅ ብዙ ነው። ከአጥሩ ወዲያ፣ ሊነኩት በሚችሉበት ርቀት ላይ፣ ያ የመስመር ዳኛ ቆሟል። ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው። አንድ ቃል ትበቃለች። ስንት ጊዜ ብላዋለች፤ ምላሷ ላይ ተዘጋጅታ ተቀምጣለች።

«ሬዲዮ፣ ራሱን ጣለ ወይ ነው የምልሽ።»

«አልጣለም አባዬ» አለች። ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «የእኛ ነው ጠልፎ የጣለው። ፔናሊቲው ልክ ነው።»

አስጨፋሪው አልተነቃነቁም። የያዙት ብረት ላይ የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ ነጣ።

«ጋሼ፣ አንሱልን እንጂ» አለ ጡሩምባ።

አላነሱም። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ አንድ ሁለት ሰው በራሱ ለመጀመር ሞከረ፤ ያለ እሳቸው ዜማው አልያዘም። ጠርሙሶቹ በየእጁ ቀሩ። የመስመር ዳኛው ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ሄደ።

«ዙሩ» አሉ አስጨፋሪው በመጨረሻ፣ በለሆሳስ።

ሕዝቡ ዞረ። የማያዩት ሰውዬም ዞሩ፤ ጀርባቸውን ለብረቱ ሰጥተው ፊታቸውን ወደ መቀመጫው መለሱ። ጸጥታው ከብዶ ወረደ።

«አንተ፣ ዙር» አለ ጡሩምባ ጥርሱን ነክሶ። ከአጥሩ ወርዶ የባለመስታወቱን ኮሌታ ጨምድዶ ይዞታል።

«ዞሯል?» አሉ አስጨፋሪው።

ሬዲዮ አየችው። ፊቱን ወደ ሜዳው አድርጎ ቆሟል፤ ቀለሙ ጠፍቷል። ሜዳውን ግን እያየ አልነበረም። እሷን ነው የሚያየው፤ ምን እንደምትል እየጠበቀ ነው። ዞሯል ብትል ማንም አይከራከራትም፤ ከዛሬ ጀምሮ ቤታቸው ቤቱ ነው። አልዞረም ብትል ታጣዋለች።

«አልዞረም» አለች።

አባቷ ፊታቸውን ወደ እሷ መለሱ። «አንቺስ?»

«እኔ መቼ ዞሬ አውቃለሁ አባዬ? ሁሉንም አይቻለሁ። የገባብንን ሁሉ ብቻዬን ነው ያየሁት።»

ይህን ስትል እንባዋ መጣ። አስጨፋሪው ለዓመታት አጠገባቸው ቆማ ምን ስትሸከም እንደኖረች ያኔ የገባቸው ይመስላል። እጃቸውን ወደ ጡሩምባ ዘረጉ።

«ልቀቀው» አሉ። «አንቺ ንገሪኝ። እንዳለ።»

«መቺው ኳሷን አስቀመጣት» አለች። «አንስቶ ደግሞ አስቀመጣት። ፈርቷል። በረኛችን መስመሩ ላይ ቆሟል፣ አይንቀሳቀስም። መቺው ተነሳ… በረኛችን በትክክለኛው ጎን ሄደ አባዬ፣ በትክክል አነበበው። በጣቱ ጫፍ ነካት። ቋሚውን መታች። ገባች።»

የማዶው ጩኸት ከቃሏ በኋላ ደረሰ።

«በረኛው ጥሩ ሞክሯል?» አሉ።

«በጣም። ከዚህ በላይ የሚደረግ አልነበረም። መሬቱን እየደበደበ ነው።»

ሐምራዊዎቹ ወረዱ። ሕዝቡ ቀስ በቀስ ወጣ፤ አንዳንዱ እያለቀሰ፣ አንዳንዱ ማልያውን አውልቆ እየጣለ። ጡሩምባ አስጨፋሪውን ሊደግፍ መጣና ተቀምጠው ሲያያቸው ተመልሶ ሄደ። ባለመስታወቱ መተላለፊያው ላይ ቆሞ ቀርቷል። ለመሄድም ለመቅረብም አልቻለም።

«ያኛው በእጁ ነካት ያልሽኝስ?» አሉ አባቷ።

«አልነካትም።»

«በዝናቡ ቀን ዳኛው የሰረቀንስ?»

«አልሰረቀንም አባዬ።»

«ታዲያ እንዴት ገባብን?»

ልትናገር አፏን ከፈተች፤ የምትናገረው ነገር አልነበረም። ፈለገች። ያገኘችው ያን ዕለት የነገረቻቸውን ብቻ ነው። ያየችውን ደጋግማ ስትደብቅ ከራሷም ጠፍቷል።

«አላስታውስም» አለች። ከውሸቱ ሁሉ ይህ የበለጠ አሳፈራት። «ይቅር በለኝ አባዬ፣ አላስታውስም።»

«እኔ አስታውሳለሁ» አለ ባለመስታወቱ።

አስጨፋሪው ፊታቸውን ወደ ድምፁ መለሱ። አባረሩትም አልጠሩትም። እሱም ባለበት ቆሞ መናገር ጀመረ። በዝናቡ ቀን ኳሷ ውኃ ያቆረ ቦታ ላይ ቆመች፤ የሐምራዊዎቹ ተከላካይ ትንከባለላለች ብሎ ጠበቃት፤ አጥቂያቸው አልጠበቀም። አስጨፋሪው ጠየቁት፤ መለሰ። የትኛው ተከላካይ እንደሆነ ጠየቁ፤ ነገራቸው። «ያ ልጅ ድሮም ኳስ ይጠብቃል» አሉ ሳይታወቃቸው።

ከዚያ የእሳቸው በማይመስል ድምፅ ጠየቁ። «እኛስ? እኛ ያማርንበት ቀን አልነበረም?»

«ነበር እንጂ ጋሼ። በዚያው ዝናብ። የግራ ክንፋችሁ ከራሱ ሜዳ ተነስቶ አራት ሰው አልፎ አግዳሚውን መታ። አጠገቤ የነበሩት የተጋጣሚ ደጋፊዎች ብድግ ብለው አጨበጨቡለት።»

«ለእኛ?»

«ለእናንተ።»

አስጨፋሪው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ይህን አልነገርሽኝም።»

«ስለ ዳኛው እየነገርኩህ ነበር» አለች ሬዲዮ፤ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

አባቷ አልተቆጧትም። አራት ሰው፣ አሉ ለራሳቸው። እንደገና እንዲነግራቸው ጠየቁት፤ ነገራቸው። ሁለተኛ ሲሰሙት ከንፈራቸው ላይ ልጃቸው ከረሳችው ብዙ ጊዜ የሆናት ፈገግታ መጣ። ከዚያ ፊታቸው መልሶ ኮስተር አለ።

«አልዞርክም» አሉት።

«አልዞርኩም ጋሼ።»

«በሚቀጥለው ዓመት ታችኛው ሊግ ነው የምንጫወተው። ሜዳው አቧራ ነው፣ ወንበር የለውም፣ መንገዱ ሩቅ ነው። ኳስ አይባልም እዚያ የሚጫወቱት። እኔ እሄዳለሁ፤ ቡድኔ ነው። አንተ የሚያምር ነገር ፈላጊ ነህ፤ እዚያ የሚያምር ነገር የለም። በየሳምንቱ ነው ደግሞ።»

«እመጣለሁ ጋሼ። በየሳምንቱ።»

«የሚታይ ጨዋታ የለም እኮ አልኩህ።»

«ሰምቻለሁ። የምመጣው ለጨዋታው አይደለም።»

አስጨፋሪው ይህን ሲመዝኑ ቆዩ። ቃል ብቻውን አልበቃቸውም፤ ሰው ፊት ላይ የሚጻፈውን ማየት አማራቸው። እጃቸውን ወደ ልጃቸው ሰደዱ።

«ፊቱን ንገሪኝ።»

ሬዲዮ እንባዋን ጠርጋ አየችው። እሱም አያት። ባዶው ስታዲየም ውስጥ ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረም።

«ፈርቷል» አለች። «ኮሌታው ተቀዷል። ከንፈሩን ነክሷል፣ ልክ መስታወት ሲያነሳ እንደሚያደርገው። ዓይኑን ግን ከእኔ ላይ አላነሳም።»

«የጨመርሽበት ነገር አለ?»

«ምንም አልጨመርኩም አባዬ።»

«እንግዲያው እንሂድ» አሉ ከመቀመጫቸው እየተነሱ። አንድ እጃቸውን ለልጃቸው ሰጡ፤ ሌላውን ወደ መተላለፊያው ዘርግተው ጠበቁ። «ደረጃው ያዳልጣል፤ ያዙኝ።»